የላላው ገመድ

ብርኽቲ የፈረስ ግልቢያ ማኅበሩን የእንጨት ደረጃ ስትወጣ ለራሷ የሰጠችው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ገነነን እንዳታይ። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የደነበረ ፈረስ ብቻዋን ይዛ ታውቃለች። አንድን ወንድ ለአንድ ሰዓት አለማየት ሊያቅታት አይገባም። ትእዛዙ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ በደንብ ሠራ። በሩን ስትከፍት ግን ከሰው ሁሉ አስቀድማ ያየችው እሱን ነው።

መስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያን ቡናማ ሹራቡን ለብሷል። የክርኑን ቀዳዳ የደፈነችው እሷ ናት፤ በረት ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተቀምጠው፣ ያውም በቁስል መስፊያ ክር። ሦስት ሳምንት ያላየችው ፊቱ ከስቷል። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ መንገድ ላይ ያለፈ ሰው ያየ ይመስል ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«እንደምን አደርሽ ዶክተር» አሉ ከጠረጴዛው ራስ ሻምበል ተክላይ። ሻምበል ዕድሜያቸውን በፈረሰኛ ፖሊስነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጽናት ግልቢያ ማኅበሩን ዳኞች ይመራሉ። «ተቀመጪ እንጂ። ቆሞ ማደር ለፈረስ ነው።»

«እሱንም ንገሩልኝ» አለች ፀሐፊዋ ኢትዮጵያ ገነነን በአገጯ እየጠቆመች። «ሦስት ወንበር አቀረብኩለት። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይለመንም።»

«ለተከሳሽ መቆም ይሻለዋል» አለ ገነነ።

«አንተን ማን ከሰሰህ?» አሉ አቶ እምሩ ሳይዞሩ። «የተከሰሰችው አሁን የገባችው ናት።»

አቶ እምሩ የጠጅቱ ባለቤት ናቸው። ጠጅቱ ደግሞ ስሟን ከቀለሟ ያገኘች ዳማ ባዝራ ናት። የሚገራትም የሚጋልባትም ገነነ ነው። ከሦስት እሑድ በፊት በማጣሪያው ውድድር ላይ ብርኽቲ መርምራ «ታነክሳለች» ብላ አስወጣቻት። የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው፤ በማንከስ የወጣች ፈረስ ሁለት ወር ሙሉ አትወዳደርም። ፍጻሜው ግን የፊታችን እሑድ ነው፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። አቶ እምሩ የብርኽቲን ሪፖርት ካሰረዙ ጠጅቱ እሑድ ትሮጣለች፤ ካላሰረዙ ታርፋለች። ስብሰባው የተጠራው ይህን ለመወሰን ነው።

ጠጅቱ ከሮጠች ምን እንደሚመጣ ብርኽቲ ከመጽሐፍም ከእጇም ታውቀዋለች። የግራ የፊት እግሯ ጅማት ሳስቷል፤ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ይበጠሳል። ጅማቷ የተበጠሰ ፈረስ ደግሞ አስታማሚ የላትም። ከተማ ዳር ወስደው ይተዋታል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ይህ የፈረሷ ጉዳይ ነው። የብርኽቲና የገነነ ጉዳይ ከዚያ ይቀድማል።

ብርኽቲ የወርቅ ነጋዴው የአቶ ወልደጊዮርጊስ ልጅ ናት። ሱቃቸው ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ አርባ ዓመት ቆሟል። ዙሪያው ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ እሱ ተርፏል፤ ጎረቤቶቹ ግን የሉም። ገነነ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ የሰው ፈረስ ሲገራ የኖረ፣ የሚያድረውም በአቶ እምሩ በረት ጥግ ባለች ክፍል ውስጥ የሆነ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ካፌ ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ማኪያቶ ጠጡ። አይዞሩም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የሚነጋገሩት ከማሽኑ ጀርባ ባለው ሰፊ መስታወት ውስጥ ነው። የአባቷ ደንበኞች በዚያ መንገድ ስለሚያልፉ ነው። «ለጊዜው ነው» ትለዋለች፣ መስታወቱን እያየች።

«መስታወት ውስጥ ቆንጆ ነሽ» አላት አንድ ቀን። «ከመስታወቱ ውጭ ግን ፊትሽን እየረሳሁት ነው። መንገድ ላይ አግኝቼሽ ዝም ብዬሽ ባልፍ እንዳትቀየሚኝ።»

ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም።

ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ሐኪሞች የሚሞሉት ቅጽ አለ። ሐኪሙ ከጋላቢ ወይም ከባለቤት ጋር የቅርብ ግንኙነት ካለው የሰውየውን ስም ይጽፋል፤ የዚያን ሰው ፈረስም አይመረምርም። የተሞላው ቅጽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከሰሌዳው ወሬ ይነሳል፤ ወሬው ደግሞ አቶ ወልደጊዮርጊስ ዘንድ ለመድረስ ታክሲ አያስፈልገውም። ስለዚህ ብርኽቲ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ደንብ አክባሪዋ ብርኽቲ፣ «የለም» ብላ ጻፈች። ለሕሊናዋም መላ አበጀችለት። ሦስት ሐኪም አለ፣ ሦስት ሰልፍ አለ፤ ገነነ ወደ ሌላው ሰልፍ ይሄዳል፣ አለቀ። እሱም ተስማማ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቅጿን ሲያነብ አየችው። አጠገቧ ሲያልፍ አንድ ነገር ብቻ አላት።

«ጽሑፍሽ ያምራል።»

* * *

በማጣሪያው እሑድ ግን ስምምነቱን አፈረሰው።

አርባ ኪሎ ሜትር የሮጡት ፈረሶች ወደ ምርመራው አንድ በአንድ ይገባሉ። የሁለቱ ሐኪሞች ሰልፍ ባዶ ነበር፤ የእሷ እንደ ልማዱ ረጅም ነው፣ ሳትቸኩል ስለምታይ። ጠጅቱ በላብ ርሳ መጣች። ገነነ ሁለቱን ባዶ ሰልፎች አየ። ከዚያ ባዝራዋን ይዞ መጣና የብርኽቲ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመ።

ብርኽቲ ሐሳቧን ለመጨረስ አልታገሠችም፤ ሊጠቀምብኝ ነው፣ አለች በልቧ። ሁለት ዓመት ደብቄ የያዝኩትን ፍቅር ለአንድ ፊርማ ሊያውለው ነው።

ተራው ሲደርስ ፊቱን አላየችውም። የባዝራዋ የልብ ምት በደቂቃ ስልሳ፤ ያልፋል። ድዷ ደህና፣ ቆዳዋ ደህና። «ሶምሶማ አሩጣት» አለች። ገነነ ባዝራዋን ይዞ አርባ ሜትር ሮጦ ተመለሰ። አነከሰች። በጣም ትንሽ ነው፤ ችኩል ዓይን አያየውም። የብርኽቲ ዓይን ግን ለሰው እንጂ ለፈረስ ቸኩሎ አያውቅም።

«አታልፍም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ገነነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ስለ ፈረሷ፣ አዎ።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች። ያገኘችው ሌላ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን አልቆመችም፣ የሚቀጥለውን ፈረስ ጠራች።

የዚያኑ ዕለት በቴሌግራም ጻፈችለት፦ «ሁለት ሰልፍ ባዶ ነበር። ተስማምተን ነበር። ወደ እኔ የመጣኸው ፍቅሬ የይለፍ ወረቀት መስሎህ ነው?» አነበበው። ማንበቡን ስልኩ ነገራት። መልስ ግን አልመጣም። ማክሰኞ ደረሰ፤ ባንኮኒው ላይ ብቻዋን ቆማ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት አየች። ሁለተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ። በሦስተኛው ማሽኑ ላይ ያለው ሰውዬ እንደ ለመደው ሁለት ስኒ አወጣ፤ ከዚያ አንዱን ምንም ሳይል ወደ ቦታው መለሰው። እኔ ማንም አያውቅም ስል፣ አለች በልቧ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የማያውቁት አባቷ ብቻ ናቸው። እሷም ራሷ መታወቁን አላወቀችም።

* * *

«ማስረጃዬ ይኸውላችሁ» አሉ አቶ እምሩ ስልካቸውን ውሃ ብርጭቆ ላይ አስደግፈው ለዳኞቹ እያዞሩ። «ሾፌሬ የቀረጸው ነው። ፈረሴ ስትሮጥ ደስ ስለምትል ነው የቀረጸው፤ እግዜር ግን ሌላ ነገር አስቀረጸው።»

ቪዲዮው ተጀመረ። ገነነና ጠጅቱ እየሮጡ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ከዚያ የብርኽቲ ፊት መጣ። አቶ እምሩ ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው አቆሙት።

«ይህችን አተያይ ተመልከቱልኝ። ይህ የሐኪም አተያይ ነው? እኔ ስንት ሐኪም ቤት ተመላልሻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሐኪም አላጋጠመኝም።»

«እርስዎን ማን ያይልዎታል» አለች ኢትዮጵያ በትንፋሿ። ሻምበል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ወዳጆች ናቸው» አሉ አቶ እምሩ፣ አሁን ሳይቀልዱ። «ተጣሉ፤ በጠባቸው መሃል ፈረሴን አባረረችብኝ። ቅጹ ላይ ደግሞ የለም ብላ ፈርማለች። በውሸት የተፈረመ ሪፖርት ሪፖርት አይባልም። ይሰረዝልኝ።»

ብርኽቲ እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አቆላለፈች። ሰውየው ካሉት ውስጥ ስለ ቅጹ ያሉት እውነት ነው። ስለ ጠቡ ያሉት ውሸት ነው። ችግሩ እውነቱ ውሸቱን ተሸክሞት መሄዱ ነው።

«ገነነ» አሉ ሻምበል ተክላይ። «ፊት ለፊት እጠይቅሃለሁ። ከዶክተሯ ጋር ምን አላችሁ?»

ገነነ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«እሷ ትመረምራለች፤ እኔ እጋልባለሁ። ሌላ የለም።»

አቶ እምሩ በወንበራቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ! ማክሰኞ ማክሰኞ ባንኮኒ ላይ አጠገብህ የምትቆመው ታዲያ ማን ናት?»

«ጋሼ፣ እኔ ማኪያቶ ነው የምጠጣው። ከጎኔ ማን እንደሚጠጣ አልቆጣጠርም።»

ኢትዮጵያ ሳቀች። ከሻምበል ቀጥሎ የተቀመጠው ሌላኛው ዳኛም ሳቀ። ብርኽቲ ግን የሰማችው አንዱን ቃል ብቻ ነው። የለም። ሁለት ዓመት በገዛ እጇ የጻፈችው ቃል ነው። ስትጽፈው ቀላል ነበር፤ ባለ ሦስት ፊደል ቃል። ከሌላ ሰው አፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር። እሱ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሞ በየውድድሩ ሰምቶታል።

«እስቲ መልሰው ይክፈቱት» አሉ ሻምበል።

ቪዲዮው እንደገና ተጀመረ። ብርኽቲ የራሷን ፊት ማየት አልፈለገችም፤ የገነነን ፊት ለማየትም አቅሙ አልነበራትም። ስለዚህ ከሁለቱ መሃል ያለውን አየች፤ ገመዱን።

ገመዱ ላልቷል።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፈረስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የፊት እግሩን የታመመ ፈረስ፣ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሐኪም የሚያየው ያን ነው። ማንከሱን ሊደብቅ የፈለገ ሰው ገመዱን ያሳጥራል፤ አፍሳሩን ከአገጩ ሥር ጨብጦ የፈረሱን ራስ አጥብቆ ይይዛል፤ ፈረሱም ራሱን ሊያነሳ አይችልም። አሥራ አምስት ዓመት ፈረስ የያዘው ገነነ ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ቪዲዮው ውስጥ ግን ገመዱን እስከ ጫፉ ለቆታል፤ በእሱና በባዝራዋ መሃል ሆዱን ጥሎ ተንዘላዝሏል። ሲዞሩ ደግሞ በታመመው እግር በኩል አዞራት፤ ሕመሙ ይበልጥ በሚታይበት በኩል።

ሊያሳልፋት አልነበረም የመጣው። ሊያሳያት ነው የመጣው። ከሦስቱ ሐኪሞች የማትራራውን መርጦ፣ ሊነግራት የማይችለውን በገመድ ነገራት። እሷም እግሩን አየች፣ ባዶ ሰልፎቹን ቆጠረች፣ ገመዱን ግን አላየችም።

«ዶክተር» አሉ ሻምበል። «አንቺስ? እሱ ያለው እንዳለ ነው?»

አሁን ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶላታል። አዎ፣ እንዳለው ነው፣ ብትል ይበቃል። ሪፖርቱ ይጸናል፣ ጠጅቱ ታርፋለች፣ አባቷ ምንም አይሰሙም። ገነነ የሠራላት በር ነው፤ እሷ መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ከመስኮቱ በኩል አያት። እባክሽ፣ ይላል ዓይኑ። እባክሽ ዛሬ ብቻ ዋሺ።

«እንዳለው አይደለም» አለች ብርኽቲ።

ከወንበሯ ተነሳች።

«ገነነ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። ሁለት ዓመት አብረን ነን። ቅጹ ላይ ስሙን መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ፈርቼ ነው። ለዚያ የሚገባኝን ቅጣት ስጡኝ፤ ሪፖርቴንም ሰርዙት።»

«ይኸው!» አሉ አቶ እምሩ ጠረጴዛውን እየመቱ። «ከአፏ!»

«አልጨረስኩም። ሪፖርቴን ሰርዙት፤ እናንተ ግን ዓይን አላችሁ። ሻምበል፣ ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ይክፈቱልኝ። እኔን አትዩ፣ እሱንም አትዩ። የባዝራዋን ራስ ብቻ ተከተሉ። እንዲታይ ተብሎ ገመዱ ላልቷል።»

የመጨረሻውን ከተናገረች በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ገነነ ዓይኑን ጨፈነ።

ሻምበል መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ስልኩን አንስተው አስጠጉት። ጠጅቱ መሮጥ ስትጀምር ሽማግሌው በመዳፋቸው ጠረጴዛውን መምታት ጀመሩ። ራሷ ወደ ላይ ሲወረወር አንድ ምት። እንደገና አንድ ምት። ምቱ እንደ ልብ ምት ቀጠለ፤ አንዱም አልሳተም። ሌላኛው ዳኛ አንገቱን አስግጎ አብሮ ይቆጥር ጀመር።

«መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ነው» አሉ አቶ እምሩ።

«አቶ እምሩ፣ ድንጋዩ የሚጠላው ግራ እግሯን ብቻ ነው እንዴ?» ሻምበል ስልኩን መለሱላቸው። «የዶክተሯ ሪፖርት ተሰርዟል። በራስዎ ማስረጃ፣ እኛ በዓይናችን አይተን፣ ባዝራዋ ሁለት ወር ታርፋለች። ኢትዮጵያ፣ ጻፊ። ዶክተር ብርኽቲ ደግሞ ለሁለት ዓመት ከሐኪሞቹ ዝርዝር ወጥታለች። ይህንንም ጻፊ፤ ልቤ ባይወደውም እፈርማለሁ።»

አቶ እምሩ ግን አሁን ዳኞቹን እየሰሙ አልነበረም። ፈረስ ያላቸው እንጂ ፈረስ የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ቢሆንም ሞኝ አይደሉም። ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ገመዱን ማን አላላው?»

«እኔ» አለ ገነነ።

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ። አልጋልባትም ብልዎት ሌላ ሰው ያመጡ ነበር። ያ ሰው ገመዱን ያሳጥራል።»

«አሥር ዓመት አበላሁህ።»

«አብልተውኛል፤ አልክድም።»

«እንግዲያው ዕቃህን ከበረቴ አውጣ። ዛሬውኑ።»

ገነነ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ የተናገረውም ስለ ራሱ አልነበረም። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያቁሙላት። ሃያ ደቂቃ። ትታገላለች፤ ጆሮዋ ሥር ካከኳት ግን ትቆማለች።»

አቶ እምሩ ስልኩን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ግን ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ።

* * *

ደረጃው መታጠፊያ ላይ ደረሰችበት። ሮጣ ነው የደረሰችበት፤ እሷ ለማንም ሮጣ አታውቅም።

«ገነነ።»

ቆመ፤ ግን አልዞረም።

«አላየሁትም» አለች። «ገመዱን አላየሁትም። ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ያየሽው መስሎኝ ነበር» አለ። «ስታዪኝ፣ ገባት አልኩ። መንገዱን ሁሉ እየዘፈንኩ ነው ወደ በረት የተመለስኩት፤ ፈረስ ተባሮብኝ የምዘፍን እብድ። ከዚያ መልእክትሽ መጣ።»

«ለምን አልመለስክልኝም? አንድ ቃል! ሦስት ሳምንት ሙሉ!»

«ምን ብዬ?» አሁን ዞረ። መስታወት በመሃላቸው የለም፤ ፊቱ ከምታውቀው በላይ ደክሞ ነበር። «አልሸጥኩሽም ብዬ ልማል? በዚህ ከተማ ለማንም ብላ እውነትን የማታጎድል አንዲት ሰው አለች ብዬ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። አንቺ ደግሞ እኔን እንደ ሌባ አየሽኝ። ያን በስልክ እንዴት ያርሙታል?»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አድርጌያለሁ። ያደረግኩት የዚያኑ ዕለት ነው።»

«ታዲያ አሁን የት ትሄዳለህ?»

«ነገ ጠዋት ወደ አገር ቤት። ወንድሜ ጋ።»

«በእኔ ምክንያት። ውሸትህን ሳልነካው ብተወው ኖሮ ሥራህም ቤትህም...»

«አንቺ እንደማትተዪው አውቅ ነበር። በዚህ አላዘንኩም።» ከታች ከመንገዱ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ይጣራል። «ብርኽቲ፣ እዚያ ላይ ስሜን ጠርተሻል። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ግን ለጠጅቱ ነው የጠራሽው።»

አፏን ከፈተች። አይደለም፣ ማለት ፈልጋ ነበር። ብርኽቲ ግን ብርኽቲ ናት፤ የፈረስ ልብ ሳታዳምጥ እንደማትፈርም ሁሉ የራሷንም ሳታዳምጥ መመለስ አልቻለችም። አዳመጠች። ጠጅቱ ባትኖር፣ እሑድ ባይኖር፣ የሚድን እግር ባይኖር ኖሮ፣ ያን ስም ዛሬ እዚያ ክፍል ውስጥ ትናገረው ነበር? አላወቀችም። ገነነም አለማወቋን ፊቷ ላይ አነበበ። ሰው ፊት ማንበብን ከፈረስ ነው የተማረው፤ አይሳሳትም።

«አየሽ» አለ፣ ያለ ቁጣ። «አሁንም አልዋሸሽም።»

እጁን ወደ ፊቷ አነሳ፤ ሳይነካት መለሰው። ከዚያ ወረደ። የእንጨት ደረጃው እስከ ታች ድረስ እርምጃውን እየደገመ ነገራት፤ ከዚያ የታችኛው በር ተዘጋ።

* * *

ፒያሳ ሰፍታለች። ድሮ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማያልፍበት መንገድ አሁን ሜዳ ሆኗል። የምታውቃቸው በሮች የነበሩበትን ቦታ እያሰበች ሄደች። እዚህ ጋ ልብስ ሰፊው፣ እዚህ ጋ የወይዘሮ አስማ መጋረጃ ቤት። ቤቶቹ ፈርሰው ሰው ሁሉ ሲነሳ አዝና ነበር፤ የዛሬውን ያህል ግን መንገዱ ባዶ ሆኖ ታይቷት አያውቅም፤ ሰው ሞልቶበት እያለ።

ወርቅ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ቀለበት ትለካለች። አቶ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀና አሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለሽ?»

«አቦይ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«እንግዶቹን ልሸኝና...»

«አይሸኙ። ቢሰሙም ግድ የለኝም።»

የሙሽራዋ እናት ያልሰማች ለመምሰል አምባር አነሳች።

«የምወደው ሰው አለ» አለች ብርኽቲ። «ሁለት ዓመት ሆነን። ገነነ ይባላል።»

አባቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱት፤ እስከዚያ ድረስ ያላዩዋት ይመስል። «የማን ልጅ ነው?»

«የሚያውቁት ሰው አይደለም። የሰው ፈረስ ይጋልብ ነበር። ዛሬ ተባሯል፤ በእኔ ምክንያት።»

«ታዲያ አሁን የት አለ? ውጭ ነው?» በሩን አዩ።

«የለም። ሄዷል። ነገ አገሩ ይገባል።»

«ይመለሳል?»

«አይመስለኝም።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ መቆጣት ፈልገው ነበር፤ የሚቆጡበት ሰው ግን ፊታቸው አልቆመም፤ የቆመችው ልጃቸው ብቻ ናት፣ ያውም እንዲህ ሆና አይተዋት የማያውቁ። በመጨረሻ የጠየቁት ከልባቸው ያልገባቸውን ነው።

«እንግዲህ ሰውየው ከሄደ ለኔ መንገሩ ምን ይረባል? ዝም ብትዪኝ እኮ ሳላውቀው ያልፍ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ብርኽቲ። «ለዚያ ነው የነገርኩዎት።»

አባቷ እጃቸውን በመስታወቱ መደርደሪያ ላይ ወደ እሷ ዘረጉ፤ አልደረሰም፤ እዚያው ቀረ። ሙሽራዋ የለካችው ቀለበት ጣቷ ላይ እንዳለ ረስታ አፍጥጣ ታያታለች። ብርኽቲ ስሙን አንድ ጊዜ ደገመችው፤ ገነነ፤ ለማንም ሳይሆን፣ ቀስ ብላ። በዚያ ስም የምታድነው ፈረስ አልነበረም፤ ስሙን ሊሰማ የሚገባውም ሰው እዚያ አልነበረም። ስሙ ወርቅ ቤቱ መሃል ብቻውን ቆመ፤ እሷም አጠገቡ ቆመች።